ለተማሪዎች የሮቦት ውድድር የምልከታ ቅጽ አነዳደፍ፦ ከአብርሃ ጅራ የሰሊጥ ማሳ ጋር በማነጻጸር

መግቢያ

በተማሪዎች የሮቦት ውድድር ላይ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይካሄዳሉ። አንደኛው ሮቦት ሠርቶ ማንቀሳቀስ ነው፤ ሁለተኛው የሌሎችን ሮቦት ተመልክቶ መመዝገብ ነው። የፊተኛው ገንዘብ፣ መሣሪያ፣ ቤተ ሙከራና የረጅም ጊዜ ሥልጠና ይሻል። ለኋለኛው ግን እርሳስ፣ ወረቀት፣ የሠለጠነ ዓይንና በጥንቃቄ የተነደፈ ቅጽ ይበቃዋል። ስለዚህ የምልከታ ሥራ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ቡድን ከባለጸጋው ቡድን ጋር ሊስተካከል ከሚችልባቸው ጥቂት ዘርፎች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ቅጽ መንደፍ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ለመጨረሻው ሌሊት ይተዋል። አንዱ ተማሪ «ፍጥነት»፣ ሌላው «ጥንካሬ»፣ ሦስተኛው «አሠራር» የሚል ዓምድ እየጨመረ ወረቀቱ ይሞላል። በውድድሩ ማብቂያ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተሞሉ ወረቀቶች ይከመራሉ፤ ነገር ግን «ከእነዚህ ቡድኖች ማንን እንምረጥ?» ለሚለው አንድ ጥያቄ መልስ አይገኝባቸውም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ጉድለት ከየት እንደሚመጣና በምን መንገድ እንደሚወገድ ያብራራል። ዋና ሐሳቡ አጭር ነው፦ ጥሩ ቅጽ መነሻው ሊወሰን የሚገባው ውሳኔ ነው፤ ሊታይ የሚችለው ነገር ሁሉ በቅጹ ላይ ቦታ ሊያገኝ አይገባም።

ለማነጻጸሪያ የተመረጠችው አብርሃ ጅራ ናት። አብርሃ ጅራ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ ወደ ሱዳን ድንበር በሚወርደው ቆላ የምትገኝ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ አካባቢዋ በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ምርት ይታወቃል። በአገራችን የሮቦቲክስ ሥልጠና በአብዛኛው የሚገኘው ዩኒቨርሲቲዎች ከስቴምፓወር ጋር በመተባበር ባቋቋሟቸው የስቴም ማዕከላትና እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ውስጥ እንደተመሠረተው አይኮግ ላብስ ባሉ ድርጅቶች ነው። ከእነዚህ ማዕከላት ርቆ የሚገኝ የቆላ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ለውድድር ቢሄዱ ይዘውት ሊሄዱ የሚችሉት ዕውቀት ምንድን ነው? በሮቦት ሥራ ልምዳቸው ጥቂት ሊሆን ይችላል። አዝመራን ተመልክቶ የመወሰን ልምድ ግን በዙሪያቸው አለ። ከዚህ በታች እንደሚታየው ሁለቱ የምልከታ ዓይነቶች በመሠረታቸው አንድ ናቸው።

የውድድሩ አካሄድ

ዛሬ በስፋት የሚታወቀው የጥምረት ውድድር ሥርዓት የመጣው ፈርስት ከተባለው ድርጅት ነው። ፈርስትን እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን መሠረተው፤ የመጀመሪያው ውድድርም እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ሃምፕሸር ተካሄደ። በዋናው የፈርስት ሮቦቲክስ ውድድር 3 ቡድኖች በቀይ፣ 3 ቡድኖች በሰማያዊ ወገን ተሰልፈው በአንድ ሜዳ ይጋጠማሉ። ግጥሚያው ለብዙ ዓመታት 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሆኖ ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት የመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ሮቦቱ ቀድሞ በተጻፈለት ፕሮግራም ብቻ የሚንቀሳቀስባቸው ሲሆኑ ቀሪው ጊዜ በተማሪ አሽከርካሪዎች ይመራ ነበር።

በማጣሪያው ክፍል ቡድኖቹ የሚጣመሩት በዕጣ ነው፤ የዛሬው አጋር ነገ ተጋጣሚ ይሆናል። ማጣሪያው ሲያልቅ ግን ሥርዓቱ ይለወጣል። በደረጃው አናት ላይ የተቀመጡት 8 ቡድኖች የጥምረት አለቃ ሆነው ሌሎቹን ቡድኖች በየተራ እየጠሩ አጋሮቻቸውን ይመርጣሉ። ምርጫው የሚካሄደው በሕዝብ ፊት፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። የተመለከተና የመዘገበ ቡድን በዚህ ሰዓት የሚናገረው ነገር አለው፤ ያልመዘገበ ቡድን ግን በስምና በዝና ይመርጣል።

ፈርስት ግሎባል የተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ከእያንዳንዱ አገር አንድ ቡድን ይጋብዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዋሽንግተን በተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ከ150 በላይ አገሮች ተሳትፈዋል፤ ጭብጡም የንጹሕ ውኃ አቅርቦት ነበር። በዚያ ውድድር ለሁሉም ቡድኖች አንድ ዓይነት የመሥሪያ ዕቃ ተሰጥቷል። ዕቃው አንድ ሲሆን ልዩነቱ የሚመጣው ከአሠራርና ከአጨዋወት ነው፤ ይህ ደግሞ የሚታወቀው በምልከታ ብቻ ነው።

የውጤት ሰሌዳው የማይናገረው

የውጤት ሰሌዳ እያለ ቅጽ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ሰሌዳው የሚያሳየው የጥምረቱን ድምር ነው የሚል ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጥምረት 60 ነጥብ ቢያገኝ፣ አንደኛው ሮቦት 40፣ ሁለተኛው 20 አስገብቶ ሦስተኛው ገና በመነሻው ቆሞ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በእኩል 20 አስገብተውም ሊሆን ይችላል። በሰሌዳው ላይ ሁለቱ ሁኔታዎች አንድ ናቸው።

ይህን ድምር በሒሳብ ለመበተን የሚያገለግል ዘዴ አለ። እያንዳንዱ ጥምረት በእያንዳንዱ ግጥሚያ ያገኘው ነጥብ የ3 ቡድኖች አስተዋጽኦ ድምር ነው ተብሎ እኩልታ ይጻፋል፤ ከዚያም ሊስት ስኩዌርስ በተባለው ስሌት የየቡድኑ ግምት ይወጣል። ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ሦስት ወሰኖች አሉበት። አንደኛ፣ ብዙ ግጥሚያ ይፈልጋል። 36 ቡድኖች በሚወዳደሩበት ውድድር እያንዳንዱ ግጥሚያ 2 እኩልታዎችን ስለሚሰጥ፣ 18 ግጥሚያዎች ከመካሄዳቸው በፊት የእኩልታዎቹ ቁጥር ከቡድኖቹ ቁጥር ያንሳል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ግምቱ ለብዙ ግጥሚያዎች ያልረጋ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛ፣ ተጋጣሚን በማገድ የሚያገለግል ሮቦት ነጥብ ስለማያስገባ አስተዋጽኦው በስሌቱ ውስጥ አይገኝም። ሦስተኛ፣ ስሌቱ ምን ያህል እንጂ እንዴት የሚለውን አይነግርም። ሁለት ጠንካራ ሮቦቶች ሁለቱም ከአንድ ማዕዘን ብቻ የሚያስገቡ ከሆነ አብረው ሲሰለፉ እርስ በርስ ይደናቀፋሉ። ይህን የሚያውቀው በቦታው የተመለከተ ሰው ነው።

ከማሳው የሚገኘው ትምህርት

በቆላው የሰሊጥ አዝመራ ከሚያሰጉት ተባዮች አንዱ የተክሉን ጫፍ ቅጠሎች በድር አያይዞ የሚበላው፣ በኋላም አበባውንና የፍሬውን ከረጢት የሚቦረቡረው ትል ነው። ሌላው ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ቆሞ በሚደርቅበት ጊዜ ፍሬውን የሚመጠው ትኋን መሰል ነፍሳት ነው። አንድ የግብርና ባለሙያ ማሳን ሲመለከት ዓላማው የትሉን ታሪክ መጻፍ አይደለም። ይረጭ ወይስ አይረጭ፣ ዛሬ ወይስ ከሳምንት በኋላ የሚለውን ለመወሰን ነው።

ከዚህ አሠራር አራት መርሖች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ከዳር ቆሞ ማየት ያሳስታል የሚለው ነው። የማሳው ዳር የመሀሉን ሁኔታ ስለማይወክል ተመልካቹ እየተጠማዘዘ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በተወሰኑ ቦታዎችም ይቆማል። ሁለተኛው፣ በቆመበት ቦታ የተወሰነ ቁጥር ያላቸውን ተክሎች ይቈጥራል፤ «ብዙ ትል አለ» የሚለው አባባል ለሁለት ሰዎች ሁለት ትርጉም ስላለው «ከ20 ተክሎች በ6ቱ ላይ ተገኝቷል» ብሎ ይጽፋል። ሦስተኛው፣ የሚመለከተው ነገር ከወቅቱ ጋር ይለወጣል፤ በአበባ ጊዜ የሚፈለገው ትል ሲሆን ነዶው በሚደርቅበት ጊዜ የሚፈለገው ሌላ ነው። አራተኛው፣ ያልተጎበኘ ማሳ ትል የሌለበት ማሳ ተብሎ አይመዘገብም።

እነዚህ አራት መርሖች ስማቸው ተለውጦ በሮቦት ሜዳ ላይ ይገኛሉ። በሜዳው ዳር ቆሞ ማየት ማለት ሕዝብ የሚያጨበጭብለትን ሮቦት ብቻ መከተል ነው። «ብዙ ትል አለ» ማለት «ሮቦቱ ጎበዝ ነው» ብሎ ከመጻፍ አይለይም። የአዝመራው ወቅት የግጥሚያው ክፍለ ጊዜ ነው። ያልተጎበኘው ማሳ ደግሞ መዝጋቢው ዓይኑን ባነሣበት ሰከንድ የሆነው ነገር ነው።

ከውሳኔ ወደ ዓምድ

ቅጹ ሊያገለግላቸው የሚገቡ ውሳኔዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው በቀጣዩ ግጥሚያ ከአጋር ጋር ሥራ ማከፋፈል ነው። ሁለተኛው ተጋጣሚን የት ላይ ማገድ እንደሚያዋጣ መለየት ነው። ሦስተኛውና ትልቁ በምርጫው ሰዓት ማንን መጥራት፣ ማንንስ መተው እንደሚገባ መወሰን ነው። እያንዳንዱ ዓምድ ወደ ቅጹ ከመግባቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ «የዚህ ዓምድ መልስ ቢለወጥ ከሦስቱ ውሳኔዎች የትኛው ይለወጣል?» አንዱም የማይለወጥ ከሆነ ዓምዱ ይሰረዛል። የሮቦቱ የጎማ ዓይነትና የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ በዚህ ፈተና ይወድቃሉ፤ ማወቁ ደስ ቢያሰኝም ምርጫን አይለውጥም።

ፈተናውን የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። የየዓመቱ ጨዋታ ደንብ ቢለያይም የቅጹ አጥንት እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

1. መለያ፦ የግጥሚያ ቁጥር፣ የቡድን ቁጥር፣ ቀለም፣ የመዝጋቢው መለያ ቁጥር።

2. በፕሮግራም ብቻ የሚሠራበት ክፍል፦ ከመነሻው መስመር ወጣ ወይስ አልወጣም፤ ስንት ዕቃ አስገባ።

3. በአሽከርካሪ የሚመራበት ክፍል፦ በላይኛው ግብ ያስገባው፣ በታችኛው ግብ ያስገባው፣ ሞክሮ የሳተው፤ ሁሉም በጭረት ይቈጠራል።

4. የመዝጊያ ሥራ፣ ለምሳሌ መንጠልጠል፦ አልሞከረም፣ ሞክሮ አልቻለም፣ ተሳካለት፣ አልታየም።

5. መቆም፦ አልቆመም፣ ቆሞ እንደገና ተነሣ፣ እስከ መጨረሻው ቆመ።

6. እገዳ፦ ሌላውን አገደ ወይስ አላገደም፤ እርሱ ራሱ ታግዶ ነበር ወይስ አልነበረም።

7. ማስታወሻ፦ ግጥሚያው ካለቀ በኋላ የሚጻፍ አንድ መስመር።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከ1 እስከ 5 የሚሰጥ ነጥብ አለመኖሩ ሆን ተብሎ ነው። «ፍጥነት፦ 4» ብሎ የጻፈ ተማሪ 4 ማለት ምን እንደሆነ ለራሱ እንኳ በጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። በውድድሩ መጀመሪያ 4 ያሰኘው ሮቦት ሃያ ሌሎች ሮቦቶች ከታዩ በኋላ 2 ይመስላል። ፍጥነት ማወቅ አስፈላጊ ከሆነ «በሜዳው ስንት ጊዜ ተመላለሰ» ተብሎ ይቈጠራል። ለቈጠራ የማይመች፣ ነገር ግን የግድ የሚያስፈልግ ነገር ሲኖር ደረጃዎቹ በቃል ይገለጻሉ፤ ለምሳሌ ለእገዳ «አልሞከረም»፣ «ተጋጣሚውን አዘገየ»፣ «ተጋጣሚውን ከግብ ፈጽሞ አራቀ» ሊባል ይችላል።

ዜሮና ባዶ

በቅጽ አነዳደፍ ከሚታዩት ስሕተቶች እጅግ የከፋው በጸጥታ የሚያልፈው ነው። ይኸውም ዜሮንና ባዶን አንድ ማድረግ ነው። አንድ ሳጥን ባዶ ሲሆን ቢያንስ አራት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፦ ሮቦቱ አልሞከረም፤ ሞክሮ አልተሳካለትም፤ መዝጋቢው አላየም፤ ወይም መዝጋቢው አይቶ መጻፍ ረሳ። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ አራቱም «0» ይሆናሉ፤ ከዚያም በአማካይ ስሌት ውስጥ ይገባሉ። አጋጣሚ ሆኖ ትኩረት ያልተሰጠው ሮቦት በዚህ መንገድ ደካማ ሆኖ ይወጣል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ትርጉም የራሱ ምልክት ማዘጋጀት ነው። «አልታየም» የሚለው ሳጥን በቅጹ ላይ መኖሩ ለመዝጋቢው ክብርም ነው፤ አለማየቱን በሐቅ እንዲጽፍ ፈቃድ ይሰጠዋል። ይህ ሳጥን የሌለበት ቅጽ መዝጋቢውን እንዲገምት ያስገድደዋል፤ የተገመተውም በኋላ ከታየው አይለይም። በዚህ ምክንያት «አልታየም» የሚል ምልክት የበዛበት መዝገብ ከሞላ ጎደል ሙሉ ከሚመስል የግምት መዝገብ ይበልጣል።

የወረቀቱ ገጽታ

የቅጹ ገጽታ የግጥሚያውን የጊዜ ቅደም ተከተል መከተል አለበት። መጀመሪያ የሚሆነው ከላይ፣ መጨረሻ የሚሆነው ከታች ይቀመጣል፤ የመዝጋቢው እጅ ወደ ኋላ አይመለስም። አንድ ወረቀት ለአንድ ሮቦት በአንድ ግጥሚያ ይበቃል፤ መጠኑም ከአንድ ገጽ ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል። በግጥሚያው ጊዜ ዓረፍተ ነገር አይጻፍም፤ ጭረትና ክብ ብቻ። ዓይን ከሜዳው ተነሥቶ ወረቀት ላይ ባረፈ ቁጥር የሚያመልጥ ነገር ስለሚኖር፣ ሳጥኖቹ ሳይታዩ በእጅ ብቻ ሊገኙ የሚችሉ ያህል ሰፊና የተራራቁ ቢሆኑ ጥሩ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው የመለያ ስሕተት ነው። የቡድን ቁጥር በአንድ አኃዝ ቢሳሳት ያ መዝገብ ከመጥፋቱም በላይ በሌላ ቡድን ስም ሐሰት ሆኖ ይገባል። ስለዚህ የግጥሚያው መርሐ ግብር እንደ ወጣ የግጥሚያ ቁጥር፣ የቡድን ቁጥርና ቀለም በየወረቀቱ ላይ አስቀድመው ሊጻፉ ይገባል። መዝጋቢው የሚጨምረው የራሱን መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ይህም ጥርጣሬ ሲነሣ ማን እንደመዘገበ ለማወቅ እንጂ ለወቀሳ አይደለም።

ስልክና ታብሌት ያላቸው ቡድኖች በቀጥታ በመሣሪያ ይመዘግባሉ፤ የመገልበጥ ድካምም ይቀርላቸዋል። ነገር ግን ባትሪ የሚያልቅበት፣ መብራት የሚጠፋበትና ኔትወርክ የማይገኝበት አዳራሽ ለሚጠብቀው ቡድን ወረቀት ሁለተኛ ምርጫ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጠንካራ ካርቶን ላይ የተያያዘ ወረቀትና እርሳስ በሙቀትም ሆነ በአቧራ መካከል ይሠራል። መሣሪያ ቢኖርም እንኳ ቅጹ መጀመሪያ በወረቀት ተሞክሮ ከተስተካከለ በኋላ ወደ መሣሪያ ቢዛወር ይሻላል። የቅጹ ስያሜዎችም መዝጋቢዎቹ በሚያስቡበት ቋንቋ ይሁኑ፤ «ሞክሮ አልቻለም» የሚለው ሐረግ ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ትርጓሜ አያሻውም።

የሰው ኃይልና ወንፈል

ምልከታ ነጻ አይደለም፤ ዋጋው የሰው ትኩረት ነው። 36 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 10 ጊዜ ቢጋጠሙና በአንድ ግጥሚያ 6 ሮቦቶች ቢሰለፉ፣ ግጥሚያዎቹ 60፣ መዝገቦቹ 360 ይሆናሉ። 6 መዝጋቢዎች ያሉት ቡድን እያንዳንዱን መዝጋቢ 60 ጊዜ፣ በድምሩ ለ150 ደቂቃ ዓይኑን ሳይነቅል እንዲያይ ይጠይቀዋል ማለት ነው። ተተኪ ከሌለ የመጨረሻዎቹ መዝገቦች የደከመ ሰው መዝገቦች ይሆናሉ። እነዚያ ደግሞ ለምርጫው በጣም የሚፈለጉት ናቸው፤ ሮቦቶች በውድድሩ ሂደት ይሻሻላሉና።

3 መዝጋቢዎች ብቻ ያሉት ቡድን ሁሉንም ማየት አይችልም፤ ናሙና መውሰድ አለበት። ቀላል መስሎ የሚታየው መንገድ ዘወትር ቀዩን ወገን ብቻ መመልከት ነው። ይህ ግን አንዱን ሮቦት 8 ጊዜ፣ ሌላውን 2 ጊዜ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ይልቁንም መርሐ ግብሩ እንደ ወጣ እያንዳንዱ ሮቦት 5 ጊዜ ያህል እንዲታይ፣ ከእነዚህም ቢያንስ 2ቱ በመጨረሻዎቹ ግጥሚያዎች እንዲሆኑ ተደልድሎ ቢያዝ ናሙናው ሚዛናዊ ይሆናል። በማሳ ውስጥ እየተጠማዘዙ በተወሰኑ ቦታዎች መቆም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው መፍትሔ ገበሬው ከጥንት የሚያውቀው ነው። አንድ ሰው ብቻውን የማይዘልቀውን አጨዳ በወንፈል እንደሚወጣው፣ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ቡድኖች አንድ ቅጽ ተስማምተው መዝገባቸውን ሊጋሩ ይችላሉ። ለዚህ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ የቅጹ ቃላት ለሁሉም አንድ ትርጉም መያዝ አለባቸው። «አስገባ» ማለት ዕቃው ግቡን ሲነካ ነው ወይስ በግቡ ውስጥ ሲያርፍ? ይህ ካልተወሰነ የተጋራው መዝገብ ጤፍና አሸዋ የተቀላቀለበት ቁና ይሆናል።

ቅጹን መፈተን

ቃላቱ አንድ ትርጉም መያዛቸው የሚታወቀው በፈተና ነው። ሁለት መዝጋቢዎች አንድን ሮቦት፣ ከተቻለ በቪዲዮ የተቀረጹ ግጥሚያዎችን እየተመለከቱ፣ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይመዘግባሉ። ከዚያም ስምምነታቸው ይለካል። ዝም ብሎ የተስማሙበትን መቶኛ መውሰድ ግን ያታልላል፤ ሁለት ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ቢሞሉም በአጋጣሚ የሚስማሙበት ድርሻ አለና። እ.ኤ.አ. በ1960 ጄኮብ ኮኸን ያቀረበው ካፓ የተባለው መለኪያ ይህን የአጋጣሚ ድርሻ ይቀንሳል።

በምሳሌ ለማስረዳት፣ ሁለት መዝጋቢዎች በ40 ግጥሚያዎች «ሮቦቱ ተጋጣሚን አገደ ወይስ አላገደም» የሚለውን ሞሉ እንበል። በ18ቱ ሁለቱም «አገደ» አሉ፤ በ12ቱ ሁለቱም «አላገደም» አሉ፤ በ6ቱ የመጀመሪያው ብቻ፣ በ4ቱ ሁለተኛው ብቻ «አገደ» አሉ። የተስማሙት በ30 ስለሆነ ስምምነቱ 0.75 ነው፤ መልካም ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው በጠቅላላው 24 ጊዜ፣ ሁለተኛው 22 ጊዜ «አገደ» ስላሉ በአጋጣሚ ብቻ ይጠበቅ የነበረው ስምምነት 0.51 ነው። ከዚህ የተረፈው 0.24 ሊገኝ ይችል ለነበረው 0.49 ሲካፈል ካፓ 0.49 ያህል ይሆናል። ይህ መካከለኛ ስምምነት ነው፤ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ አጋር መምረጥ አያስተማምንም።

እንዲህ ያለ ውጤት ሲገኝ መዝጋቢዎችን መውቀስ አይጠቅምም። ያልተስማሙባቸው 10 ግጥሚያዎች እንደገና ይታያሉ፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። ምናልባት አንዱ ድንገተኛ ግጭትን እንደ እገዳ ቈጥሮት ይሆናል። ያኔ በመመሪያው ላይ «እገዳ የሚባለው ሮቦቱ ሆን ብሎ ቢያንስ ለ3 ሰከንድ በተጋጣሚው መንገድ ላይ ሲቆም ነው» የሚል ይጨመራል፤ ፈተናውም ይደገማል። ከሁለትና ከሦስት ዙር በኋላም ስምምነት ያልተገኘበት ዓምድ ቢጠቅምም ባይጠቅምም ይሰረዛል። ሁለት ሰዎች በአንድነት ሊያዩት የማይችሉት ነገር መረጃ አይሆንም።

ከመዝገብ ወደ ምርጫ

የተሰበሰበው መዝገብ ሲጠቃለል ሌላ ወጥመድ አለ። የሁለት ሮቦቶች የ5 ግጥሚያ መዝገብ እንዲህ ነው እንበል፦ የመጀመሪያው 12፣ 0፣ 12፣ 0፣ 12 ዕቃ አስገባ፤ ሁለተኛው 7፣ 7፣ 8፣ 7፣ 7 አስገባ። የሁለቱም አማካይ 7.2 ነው። በመደዳ ሲቀመጡ መሀል ላይ የሚውለው ቁጥር ቢወሰድ የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 7 ይሆናል። አማካዩ ሁለቱን አንድ ናቸው ይላል፤ የመሀሉ ቁጥር የመጀመሪያው እጅግ ይበልጣል ይላል። ሁለቱም ብቻቸውን ሲቆሙ ያሳስታሉ።

እውነቱን የሚገልጠው የመቆም ዓምድ ነው። እነዚያ ሁለት ዜሮዎች ሮቦቱ በባትሪ ገመድ መላቀቅ ምክንያት ስለቆመ የመጡ ከሆነ፣ ጉድለቱ በአንድ ማያያዣ ሊጠገን ይችላል፤ ጥሩ አጋርም ይሆናል። ታግዶ ምንም ማስገባት ስላቃተው ከሆነ ግን በፍጻሜው ግጥሚያ ሁሉም ተጋጣሚዎች ያንኑ ያደርጉበታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዜሮ አጠገብ ምክንያቱ መገኘት አለበት፤ ቅጹ ምክንያቱን ለመያዝ ቦታ ካልሰጠ ምንም ዓይነት ስሌት በኋላ ሊያመጣው አይችልም።

ለምርጫው ሰዓት የሚዘጋጀው ማጠቃለያ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ለእያንዳንዱ ቡድን አማካዩ፣ ትንሹና ትልቁ ቁጥር፣ የመጨረሻዎቹ 3 ግጥሚያዎች ውጤት፣ የቆመበት ጊዜ ብዛትና ስንት ጊዜ እንደታየ ይጻፋል። የመጨረሻው ቁጥር ሊዘለል አይገባም፤ 2 ጊዜ ብቻ የታየ ሮቦት አማካይና 9 ጊዜ የታየ ሮቦት አማካይ እኩል አይታመኑም።

የመዝጋቢው ሥነ ምግባር

የምልከታ ቅጽ ስለ ሮቦት እንጂ ስለ ተማሪ የሚጽፍ አይደለም። «አሽከርካሪዋ ትደነግጣለች» የሚል ማስታወሻ በወረቀቱ ላይ ቦታ የለውም፤ «በመጨረሻዎቹ 20 ሰከንዶች 2 ጊዜ ሳተ» የሚለው ግን አለው። ቀላል መመዘኛ አለ፦ ወረቀቱ ወድቆ የተጻፈበት ቡድን ቢያነሣው የሚያሳፍር ነገር ሊገኝበት አይገባም። የኤምአይቲው ፕሮፌሰር ውዲ ፍላወርስ በፈርስት ውድድሮች ያስለመዱት መርሕ፣ ብርቱ ፉክክርና ለተጋጣሚ ክብር መስጠት አብረው ይሄዳሉ የሚል ነው። የመዝገብ ሥራ ይህ መርሕ በተግባር የሚታይበት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተነሡት ነጥቦች ወደ አንድ ይሰበሰባሉ። ቅጽ የጥያቄዎች ስብስብ ነው፤ የሚጠየቀውም ሜዳውን በሚመለከት፣ በደከመና በተቻኮለ ወጣት ፊት ነው። ጥያቄው ከውሳኔ የመነጨ፣ በቈጠራ የሚመለስ፣ ዜሮን ከባዶ የሚለይና በሁለት ሰዎች ዓይን የተፈተነ ሲሆን መልሱ ይታመናል።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው ጉዳይ የፍትሕ ጉዳይም ነው። መዝገብ በሌለበት ምርጫ የሚጠሩት በስም የታወቁት፣ ከትልልቅ ከተሞች የመጡትና ሮቦታቸው ለዓይን የሚማርከው ናቸው። ከአብርሃ ጅራ ወይም ከመሰሏ ከተማ የመጣ ቡድን ሮቦቱ ያማረ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በ10 ግጥሚያዎች አንድም ጊዜ ሳይቆም በየግጥሚያው 7 ዕቃ ካስገባ ይህን የሚመሰክርለት የሌሎች ቅጽ ነው። እርሱም በበኩሉ የሌሎችን ሮቦቶች በትክክል መዝግቦ ከተገኘ፣ ሮቦቱ ከሚያስገባው ነጥብ በላይ የሚፈለግ አጋር ይሆናል። በስቴም ማዕከላት ተማሪዎችን የሚያሠለጥኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና መምህራን ከፕሮግራም አጻጻፍና ከሮቦት ገጠማ ሥልጠናው ጎን ለዚህ ሥራ ጥቂት ሰዓታት ቢመድቡ፣ ሠልጣኞቻቸው ከውድድሩ በኋላም የሚያገለግላቸውን የምርምር መሠረታዊ ክህሎት ይዘው ይወጣሉ፦ ያዩትን ካላዩት ለይቶ መጻፍን።